ሦስቱ ሰሚዎች

 ባለፈው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ወጥቼ በአሮጌው የቀበሌ አዳራሽ በኩል ሳልፍ፣ ከተቆለፈው በር ሥር የሚወጣ ሽታ አቆመኝ። የረጠበ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ፣ የአይጥ፣ ከዚያም ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው፣ ትንሽ ጤና አዳም ጤና አዳም የሚል ነገር። አዳራሹ ዛሬ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ማስቀመጫ ሆኗል ይላሉ። ሽታው ግን ይህን የሰማ አይመስልም፤ እንዳለ አለ። ቆሜ ሳሸት አንዲት ልጅ «እማማ፣ የጠፋዎት ነገር አለ?» አለችኝ። «የለም ልጄ» ብያት መንገዴን ቀጠልሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ገና እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበርሁ፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ደብተር ይዤ፣ ሦስት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው።

እንግዲህ ልንገራችሁ። ከቀሐ ወንዝ ብዙ በማይርቀው ሰፈራችን አንድ የቴአትር ክበብ ነበረን። ክበብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ስምንት ሰዎች ነን። መሪያችን የአማርኛ አስተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቶቹን የሚያሽ። ንጉሥም ዳኛም ቀማኛም ሆኖ የሚጫወተው ልብስ ሰፊው ነበር። ችሎታው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አልባሳቱን የሚሰፋው እሱ ስለሆነ የትልልቁን ሰው ልብስ ሁሉ በራሱ ልክ ይሰፋው ነበርና ሌላ ሰው ቢለብሰው አይሆንም። የቀረነው ከዚህም ከዚያም የተሰበሰብን ነን።

እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከአክስቴ ጋር ድንች ተራ የምውል ልጅ ነበርሁ። እናቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የእናቴ ታናሽ፤ እኔ «እታለም» ነበር የምላት። ድንቹ የሚመጣው ከደጋው አገር ከኮሶዬ ነው፤ እሷም የኮሶዬ ሰው ናት። ገበያ ላይ ለሴቶቹ ከመተማና ከአረብ አገር የሚመጣላቸውን ደብዳቤ አነብላቸው፣ መልሱንም እጽፍላቸው ነበር። ደብዳቤ ማንበብ ቀላል አይምሰላችሁ። «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን የጻፈው ልጅ በሚናገርበት ድምፅ ካልተነበበላቸው እናቶች አያምኑም፤ «እስቲ እንደገና» ይላሉ። አንድ ቀን አስተማሪው ድንች ሊገዛ መጥቶ ድንቹን ትቶ ቆሞ ሰማኝ። «አንች ልጅ፣ ቴአትር ታነቢልናለሽ?» አለኝ። ቴአትር የሚነበብ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የሚታይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ አመራረጡ ልምጣ፤ ነገሬ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቴአትሩን አስተማሪው ብቻውን መርጦ ነበር። ሰባት መሣፍንት ነበሩበት፤ ሰባቱም ይፎክራሉ። ገና ሦስተኛው ፎክሮ ሳይጨርስ ተመልካቹ አንድ በአንድ እየተነሣ ወጣ። በመጨረሻ የቀሩት የልብስ ሰፊው እናትና የአዳራሹ ዘበኛ ብቻ ነበሩ፤ እናትየዋ ልጃቸውን ትተው አይሄዱ ነገር፣ ዘበኛው ደግሞ በሩን መዝጋት አለባቸው። አስተማሪው አንገቱን ደፍቶ፣ አግዳሚው ቢስተካከል፣ መጋረጃው ቢቀየር እያለ ሲያወራ ዘበኛው ቁልፋቸውን እያሻሹ ጠጋ አሉት።

«የኔታ፣ ሰው የወጣው አግዳሚው ቆርቁሮት አይደለም» አሉት። «ከዚያስ የሚያሰኘው ነገር አጥቶ ነው። እኔም ቁልፉ ባይኖርብኝ ወጥቼ ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ሲያስብ ሰንብቶ አንድ ሥርዓት አወጣ። ከእንግዲህ ቴአትር የሚመርጡት እኛ ተዋንያኑ አይደለንም፤ ማንበብ የማይችሉ ሦስት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ድርሰት ያለው ሰው ደብተሩን ስሙን ሳይጽፍ አዳራሹ በር ላይ በተቀመጠው የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል። እኔ አነባለሁ። እመካከሉ ላይ ስደርስ ደብተሩን እዘጋና ዝም እላለሁ። «ወደዳችሁት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሰሚው ራሱ «ከዚያስ?» ካለ ድርሰቱ አለፈ። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ከጀመረ ወደቀ። ሦስቱም «ከዚያስ?» ማለት አለባቸው፤ አንዱም ቢቀር አይታይም። ይኸው ነው ሕጉ።

ሰሚዎቹ እነማን ነበሩ መሰላችሁ? አንደኛው ያው ዘበኛው፤ ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። ሁለተኛዋ የልብስ ሰፊው እናት፤ መካ ደርሰው ስለመጡ ሰፈሩ በሙሉ «ሐጃ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሰውን እንደ ጨርቅ ዳስሰው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ሦስተኛዋ አክስቴ ናት። እሷን ማንም አልመረጣትም። «ልጄን ወንድ ከሞላው አዳራሽ ብቻዋን አልልክም» ብላ ተከትላኝ መጣች፤ በዚያው ቀረች።

ወሩ ጥቅምት ነበር። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በጣራው ቆርቆሮ ቀዳዳዎች እየሾለከች የሐጃን ሻሽ ነጠብጣብ ታደርገዋለች። አክስቴ እጇ ሥራ መፍታት አይወድም፤ የባቄላ እሸት ይዛ ትመጣና እየሰማች ትፈለፍላለች። ፍሬው የብረት ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አሁንም ይሰማኛል። ድርሰቱ ሲስባት ጠብታው ይዘገያል፤ ሲሰለቻት ይፈጥናል። እኔ የምመለከተው ፊቷን ሳይሆን ሳህኑን ነበር።

የመጀመሪያው ድርሰት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰው የመጣ የሚመስል፣ ስለ ንጽሕና የሚመክር ነበር። ገጸ ባሕርያቱ በየገጹ እጃቸውን ይታጠባሉ። ደብተሩን ዘግቼ ዝም ስል ሐጃ፣ «ይሄ ቴአትር አይደለም፣ ክትባት ነው» አሉ። «ወግተውን ሊለቁን ነው ሐሳባቸው።»

ሁለተኛው የፍቅር ነበር። ጎረምሳው ለጨረቃ አራት ገጽ ሙሉ ያወራል። ደብተሩን ስዘጋ፣ አያ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል።

«አያ፣ ተኙ እኮ» አሉ ሐጃ።

«አልተኛሁም። ልጁ አውርቶ እስኪጨርስ ዓይኔን ላሳርፈው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ምን አለ ልጁ?»

«ጨረቃን ወደዳት። ኋላ ታገባዋለች አታገባውም፣ እኔ ምን ቸገረኝ።»

ሦስተኛው ግን አዳራሹን በሳቅ ሞላው። የማኅበር ተራ ደርሶበት ላለመደገስ የሞተ መስሎ የተኛ የአንድ ንፉግ ሰው ታሪክ ነው። ገናዦቹ መቀስና ነጭ የመገነዣ ጨርቅ ይዘው ሲገቡ ላይ ደብተሩን ዘጋሁት። ሦስቱም እኩል «ከዚያስ?» አሉ። አክስቴ እንዲያውም «ገነዙት እንዴ?» ብላ ባቄላውን ከነሳህኑ ልትደፋው ነበር። አለፈ። አስተማሪው ጣቶቹን እያሸ፣ «ሌላ አንድ ካለፈልን ከሁለቱ የበለጠውን ለጥምቀት እናሳያለን» አለ።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። በቆርቆሮው ውስጥ አንድ ደብተር ቀርቶ ነበር። የከተትሁት እኔ ነኝ።

የጻፍሁት የአክስቴን ነገር ነበር። የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ ኮሶዬ የነበረችው አያቴ፣ የአክስቴ እናት፣ በክረምት ሞተች። አክስቴ ያን ጊዜ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው ቀርቶባታል። በእኛ አገር ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ነገሩን ደበቀ። ይህን ማንም አይነቅፍበትም። አክስቴ ወለደች፤ ሕፃኑ ግን ሰባት ቀን ብቻ ኖሮ ሞተ። ሐዘን ላይ ሐዘን አይጨመርም ተብሎ አሁንም አልተነገራትም። ከዚያ አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ድንች ይዛ የመጣች የኮሶዬ ሴት፣ የሰማች መስሏት፣ መዳፏን ጨብጣ «እናትሽን ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ገበያ መካከል። ድንች እየመዘነች።

አክስቴ አላለቀሰችም። «ያልተነገረኝን አላለቅስም» አለች። ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ጥቁር አልለበሰች፣ ኮሶዬም አልወጣች። አጎቴም አልመጣ፤ ያፈረም እንደሆነ የኮራም እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰው «እናቷን ያላለቀሰች» ይላታል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረች።

ይህን ነው የጻፍሁት። ታዲያ እኔ ብልጥ ነኝ፤ ድንቹን ሽንኩርት አደረግሁት፣ ኮሶዬን ኮላ ድባ አደረግሁት፣ እናትየዋን አባት አደረግሁት። ይህን ያህል ከቀየርሁ ማን ያውቀዋል ብዬ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ቤቱን ቀለም ቀብቶ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ እንዳይለየው መሞከር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርሁ። አስተማሪው አንድ ቀን ስለ ድርሰት ሲያወራ፣ «በዳይ ብለሽ የጻፍሽውም ሰው አፍ ይኑረው፤ የሚናገረው ይኑረው» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ለወንድምየው አፍ ሰጠሁት። እንዲህ ብሎ ይናገራል፦

«ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተመለስሁ። ሁለቱን ከመንገድ ነው። በሦስተኛው በርሽ ድረስ ደርሼ ነበር። እጄን ላንኳኳ ሳነሣ ከውስጥ ስትስቂ ሰማሁሽ። ይችን ሳቅ የምቀማት እኔ ልሁን? አልሁና እጄን አወረድሁት። ከዚያ ወዲያ ስቀሽ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ያን በር እስካሁን አላንኳኳሁትም፤ እስካሁንም እዚያው ቆሜያለሁ።»

ከማንም አልሰማሁትም። ከራሴ ነው የወጣ። አጎቴን ካየሁት እንኳ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። እንዲህ ብሎ ቢሆን ሸጋ ነበር ብዬ ነው።

የእኔ ድርሰት ተራ በደረሰ ቀን ደብተሩን ከፈትሁ። ስጀምር ባቄላው ጠብ ጠብ ይላል። ሽንኩርት ሻጯ እርጉዝ መሆኗን ሳነብ ዘገየ። ወንድሟ ጎረቤቱን ሰብስቦ «እንዳትነግሯት» እያለ ሲያስምል ቆመ። ቀና ብዬ አላየሁም። አንብቤ አንብቤ ወንድምና እኅት ገበያ መካከል ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ እሷም «ምነው ሳትነግረኝ?» ስትለው፣ ደብተሩን ዘጋሁ።

«ከዚያስ?» አሉ ሐጃ ወዲያው። «ምን አለ ይሄ ድንጋይ?»

«ከዚያስ?» አሉ አያ። «ይመልስላት እንጂ።»

አክስቴ ዝም አለች። አስተማሪው በገዛ ሕጉ ታስሮ ከንፈሩን ነክሶ ያያታል። እሷ ካላለች ድርሰቴ ወደቀ። ቢወድቅም ባይወድቅም የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ በድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ የጻፍሁት ነው። ማንንም ሳታይ፣ «ታንብብ» አለች።

«ታንብብ ማለት ከዚያስ ነው?» አሉ አያ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ ሐጃ። «ዝም ብለው ይስሙ።»

የወንድምየውን ንግግር አነበብሁ። ስጨርስ አክስቴ የባቄላውን ልጣጭ ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ተነሣች፤ ሳህኗን እንኳ ሳታነሣ ወጣች። አክስቴ ሳህን ትታ የምትሄድ ሰው አልነበረችም። ሐጃ ደብተሩን አየት፣ እኔን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሂጅ፣ ሳህኗን ይዘሽላት ሂጅ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ወደ ደምቢያ በኩል እያዘነበለች ግድግዳችንን አቅልታዋለች። ምነው ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው እንድትለኝ ተዘጋጅቼ ነበር። የይቅርታ ንግግር ሁሉ መንገድ ላይ አሰናድቻለሁ።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ምኑን፣ እታለም?»

«በሬ ድረስ መጥቶ መመለሱን። እሱ ራሱ ነው ወይስ ሚስቱ?»

 እሷ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው የለሰለሰ ነበር። «ሳቄን ሰምቶ እንደነበር ነው የነገረሽ? ለካ መጥቶ ነበር። እኔኮ ከነጭራሹ ያልታወስሁ መስሎኝ።» ሳህኗን ከእጄ ተቀብላ፣ «እሱ ብሎሽ ከሆነ ይታይ» አለች። «አስተማሪውን ከዚያስ ብላለች በይው። ሰው ሁሉ እናቷን ያላለቀሰች ሲለኝ የኖረ፣ ወንድሟ በሯ ድረስ መጥቶላት እንደነበር ይስማ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ቃል፣ «ፈጠርሁት» የምትል አንዲት ቃል ብናገር፣ አንደኛ ከእጇ ያን መጽናኛ ነጥቄ ልጥለው ነው፤ ሁለተኛ ድርሰቴ ሊቀር ነው። የቱ እንደበለጠብኝ አሁን ስጽፍም ለራሴ አልዋሽም። ድርሰቴ ነበር። ዝም አልሁ። እሷም ዝምታዬን አዎንታ አድርጋ ያዘችው።

አስተማሪው ጽሕፈቴን ከደብዳቤዎቹ ያውቀው ኖሯል። በማግስቱ ድንች ተራ መጣና፣ «ንፉጉ ያስቃል። ያንች ግን ሰው ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ለጥምቀት ይሄንን ነው የምናሳየው» አለኝ። ያን ቀን ለስንት ደንበኛ ስንት ኪሎ ድንች እንደ መዘንሁ አላውቅም፤ ሁሉም ተመርቆላቸው ሄዱ መሰለኝ።

ልምምድ ጀመርን። ወንድምየውን ልብስ ሰፊው ያዘ። ሐጃ ልጃቸውን፣ «ይህን ሰው አሳምረህ ካልሆንህልኝ እራት እንዳትጠብቅ» አሉት። ሠራው፤ እውነቴን ነው፣ ይህ ሁልጊዜ ካባ የሚያውለበልብ ሰው አሮጌ ጋቢ ደርቦ እጁን ወደሌለ በር ሲያነሣ ሁላችንም ትንፋሻችን ይቆም ነበር። አክስቴ በየቀኑ ትመጣለች። ከፊት ትቀመጥና፣ «እስቲ ያችን የበሩን ድገማት» ትለዋለች። ይደግማታል። «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ።» ይደግማታል። ልብስ ሰፊው ሙያው የተወደደለት መስሎት ደስ ይለዋል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ።

በዚያ ሰሞን አክስቴ ሌላ ሰው ሆነች። ድንቹን ስትመርጥ ታንጎራጉራለች። ከሸማኔ ሰፈር አዲስ ጋቢ ገዝታ መጣች፤ ነጭ፣ ገና የጥጥ ሽታ ያለው። «ለወንድሜ ነው» አለችኝ። «አርብ ኮሶዬ እወጣለሁ። ለጥምቀት ና፣ ራስህን እይ እለዋለሁ። በሬ ድረስ መምጣትህን ሰምቻለሁ እለዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው አጎቴን በዓይነ ሕሊናዬ ያየሁት። ደጃፉ ላይ ቆማ «በሬ ድረስ መጥተህ ነበር አሉ» ስትለው፣ እሱ ግንባሩን ቋጥሮ «የምን በር?» ሲላት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ አዲስ ጋቢ ታቅፋ፣ «የምን በር?» ስትባል።

ረቡዕ ዕለት ድንች ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የበሰበሰውን ከጤናማው እየለየን ነው የነገርኋት።

«እታለም፣ ማንም አልነገረኝም።»

«ምኑን?»

«የበሩን። እኔ ነኝ የፈጠርሁት። አጎቴ ምን እንዳለ አላውቅም።»

እጇ አልቆመም። አንድ ድንች አንሥታ አገላበጠች፣ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገች፣ ከጤናማው ጋር አስቀመጠች። አንዲት ገዢ መጣች፤ መዘነችላት፣ መረቀችላት፣ «በደህና ዋይ» አለቻት። ገዢዋ ከራቀች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ሳቁንስ? እሱንም ፈጠርሽው?»

«እሱን አልፈጠርሁትም» አልኋት። «ያን ክረምት ትስቂ ነበር። ሆድሽ ላይ የቡና ሲኒ ታስቀምጪና ሕፃኑ ሲራገጥ ሲኒው ሲንገዳገድ እኔን ጠርተሽ ታሳዪኝ ነበር። አብረን እንስቅ ነበር። ውጭ ለቆመ ሰው ይሰማ ነበር።»

አክስቴ ገበያውን ተመለከተች። አህዮች ያልፋሉ፣ ሰው ይጨቃጨቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ቆርቆሮ ይመታል።

«አዎ» አለች። «እስቅ ነበር።» ከዚያም ወደ ድንቿ ተመልሳ፣ «ቴአትሩ ይቅር፣ ልጄ» አለች። «ያላለውን አለ አይባልበትም። ደግም ቢሆን። እሱም አፍ አለው።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ አዳራሹ ሄጄ ለአስተማሪው ሦስተኛዋ ሰሚ ድርሰቱን አላሳለፈችውም አልሁት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ጣቶቹን ብቻ አሽቶ ደብተሬን መለሰልኝ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ልብስ ሰፊው ግን ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ፣ «ዕድሜዬን በሙሉ ስፎክር ኖሬ አሁን ገና ሰው ብሆን ከላዬ ገፈፍሽኝ» ይለኝ ነበር። ለጥምቀት ንፉጉን አሳየን። ልብስ ሰፊው ሬሳ ሆኖ ተኝቶ፣ ሲገንዙት ጥጡ አፍንጫውን በልቶት አነጠሰ፤ ሰው እየተንፈራፈረ ሳቀ፣ አንድም ሰው ጥሎ አልወጣም። አያ በሩን ሲዘጉ «ይኸው» ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ድርሰቶች ጽፌያለሁ፤ አንዳንዶቹም ታይተዋል። አያም፣ ሐጃም፣ አክስቴም አሁን የሉም፤ አንብቤ ስዘጋ ዝም ብዬ የምጠብቀው ሰው የለኝም። ልጄ አለች፤ እሷ ገና ሳልጀምር «እማ፣ ሸጋ ነው» ትለኛለች።

አክስቴ ግን ያን አርብ ከመሄድ አልቀረችም። ልከተላት ብል እንቢ አለችኝ። ጋቢውን በፌስታል ጠቅልላ በማለዳው የደባርቅ መኪና ተሳፈረች፤ አምስት ቀን ቆየች። ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነበር፤ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። የነገረችኝ የአጎቴ ሚስት ናት፣ ለጥምቀት ስትመጣ።

አጎቴ ከማሳው ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። ጋቢውን ሰጠችው። ምንም አልጠየቀችውም፤ እሱም ስላለፈው አንድም ቃል አልተነፈሰም። እራት በሉ፤ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ አወሩ፤ አልጋውን ለቀቀላት። እሷ ስትተኛ ወጥቶ ጎረቤቶቹን ቤት ለቤት ጠራ። ጎሕ ሲቀድ ያገር ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። አጎቴ ገብቶ ቀሰቀሳት፣ እጇን ይዞ ወደ ደጅ አወጣትና፣ እናታቸው ትናንት ማታ እንዳረፈች ሁሉ፣ «እኅቴ፣ እናታችን ሞታለች» ብሎ መርዶዋን ነገራት። የገብስ አጨዳው ደርሶ ነበር፤ እሱ ግን ማጭዱን ሰቅሎ ሦስቱን ቀን አብሯት ለቅሶ ተቀመጠ።